ተማሪ ዝግመተ ለውጥ ገብቶት እንደሆነ እንዴት እንፈትን? ከጥያቄ ማውጣት እስከ እርማት

ፋይናል ላይ ኤ ያመጣ ተማሪ «ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ ጓሳ ያሉት ጭላዳዎች ምን እየጠበቁ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምታችሁ ይሆናል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ሞጁሉን አጥንቷል፣ የተጠየቀውንም በትክክል መልሷል። ችግሩ ያለው የተጠየቀው ነገር ላይ ነው። ኮሌጆቻችን ውስጥ የሚሰጡት ፈተናዎች ብዙውን ጊዜ የሚለኩት ማስታወስን ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሳይታወቀን ተማሪው ትምህርቱን መቀበል አለመቀበሉን እንለካለን። መረዳት ከሁለቱም ይለያል። ተማሪው ክፍል ውስጥ ያልተማረውን ፍጥረት አቅርባችሁለት «ይሄ እንዴት ሊመጣ ቻለ?» ስትሉት ምክንያት አድርጎ የሚጽፈው ነገር ነው መረዳቱን የሚያሳየው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባዮሎጂ ለምታስተምሩ፣ በተለይ ፍሬሽማንና አንደኛ ዓመት ለያዛችሁ፣ ቅደም ተከተሉን ከነማስጠንቀቂያው አስቀምጫለሁ። ደረጃ አትዝለሉ። አምስተኛውንማ በፍጹም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የሚከተሉት ካልተሟሉ አትጀምሩ።

- ቢያንስ ሦስት ሳምንት። ጥያቄ ማውጣት፣ መሞከር፣ ማስተካከልና መስጠት በአንድ ሳምንት አይሆንም።
- አብሯችሁ የሚያርም አንድ ባልደረባ። ብቻችሁን አርማችሁ ያገኛችሁት ውጤት የእናንተ ስሜት ይሁን የተማሪው መልስ መለየት አይቻልም።
- ከዲፓርትመንቱ ፈቃድ። ውጤቱን ለጥናት ልታውሉት ካሰባችሁ የተማሪዎቹም ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል።
- ለየተማሪው የሚስጥር ኮድ። ስም አይጻፍም። ኮርሱ ሲጀመርና ሲያልቅ ሁለት ጊዜ ልትፈትኑ ከሆነ ያው ተማሪ ያንኑ ኮድ መጻፍ አለበት። የእናቱ ስም የመጀመሪያ ፊደልና የስልኩ መጨረሻ ሁለት ቁጥር ተጣምረው ይበቃሉ። አይረሳውም።
- ወረቀት። በኮምፒውተር አትስጡት። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ግማሽ መልስ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

አንድ ውሳኔ ደግሞ አሁኑኑ ወስኑ። ይህ ፈተና ማርክ አይያዝበት። ማርክ ካለው ተማሪው የሚጽፈው መምህሩ ይፈልገዋል ብሎ የገመተውን ነው። ማርክ ከሌለው ደግሞ አንዳንዱ ሁለት ቃል ጽፎ ይወጣል። መሃሉ ይሻላል፤ መልሱ ልክ ሆነም አልሆነም በሙሉ ልብ ሠርቶ ለጨረሰ ሁሉ ትንሽ የተሳትፎ ነጥብ ስጡ።

## ደረጃ 1፦ የምትለኩትን ነገር ቆራርጡ

«ዝግመተ ለውጥን ተረድቷል?» የሚለው ጥያቄ እንዳለ አይለካም። ቆራርጡትና በወረቀት ላይ አስፍሩት። ቢያንስ እነዚህ ይኑሩ።

1. በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ ግለሰቦች ከመጀመሪያውም አንድ ዓይነት አይደሉም።
2. ልዩነቱ የሚነሳው ከሚውቴሽን (በዘረመል ላይ ከሚደርስ ድንገተኛ ለውጥ) እና ከዘር መቀላቀል ነው። ሚውቴሽን ፍጥረቱ ስለፈለገው አይመጣም።
3. ለውጥ የሚያስከትለው የሚወረስ ልዩነት ብቻ ነው።
4. አንዳንዱ ልዩነት ያለው ግለሰብ ከሌላው ይበልጥ ይተርፋል፣ ይበልጥም ይወልዳል። ተፈጥሯዊ ምርጫ የሚባለው ይሄ ነው።
5. በትውልድ ብዛት የሚለወጠው የሕዝቡ ስብጥር ነው። ግለሰቡ ራሱ አይለወጥም።
6. ለውጥ ሁሉ ጥቅም ያመጣል ማለት አይደለም። በተለይ ቁጥሩ ትንሽ በሆነ ሕዝብ ውስጥ ዕድል ብቻውን ስብጥሩን ይለውጣል።
7. ዝርያዎች የጋራ ቅድመ አያት አላቸው። አንዱ ዛሬ ያለ ዝርያ ለሌላው ዛሬ ላለ ዝርያ አባት አይደለም።

አሁን ያለፈውን ዓመት ፈተናችሁን አውጡና እያንዳንዱ ጥያቄ ከነዚህ የትኛውን እንደሚነካ ከጎኑ ቁጥሩን ጻፉ። «ሉሲ የት ተገኘች?» የትኛውንም አይነካም። በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ መገኘቷንና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላት ማወቅ መልካም ነው፤ ግን ይሄን በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ተፈጥሯዊ ምርጫ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ዳርዊን መጽሐፉን ያሳተመበት 1859ም እንደዚያው ነው። ባዶ የቀሩት ጥያቄዎች ቁጥር ብዙ ከሆነ አትደንግጡ፤ የሁላችንም ፈተና ላይ ያለ ነገር ነው።

## ደረጃ 2፦ ክፍት ጥያቄዎቹን ጻፉ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። አራት ክፍት ጥያቄ ይበቃል።

የጥያቄው አጻጻፍ ቀላል ነው። «ይህ ዝርያ ይህ ባሕርይ አለው። ቅድመ አያቶቹ ግን አልነበራቸውም። ባዮሎጂስቶች ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ የሚያብራሩት እንዴት ነው?» በቃ። «በተፈጥሯዊ ምርጫ አብራሩ» ብላችሁ አትጨምሩ። ቃሉን ከሰጣችሁት የቃሉን ትርጉም ይጽፍላችኋል እንጂ ሐሳቡን አያሳያችሁም። «ባዮሎጂስቶች እንዴት ያብራሩታል» የሚለውን ግን አትተዉ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 9 ላይ ግልጽ ይሆናል።

አራቱ ጥያቄዎች ከተለያየ አቅጣጫ ይሁኑ። አንዱ ስለ እንስሳ፣ አንዱ ስለ ዕፅዋት፣ አንዱ ባሕርይ ስለመጨመር፣ አንዱ ባሕርይ ስለመጥፋት ይሁን። ተማሪ እንስሳ ላይ ጥሩ መልሶ ዕፅዋት ላይ ይጠፋበታል። «ጨመረ» ላይ የተፈጥሯዊ ምርጫን ሐሳብ ተጠቅሞ «ጠፋ» ላይ «ስላልተጠቀመበት ደከመ» ይላል። በአንድ ጥያቄ ብቻ ከፈረዳችሁ ትሳሳታላችሁ።

ለአካባቢያችን የሚሆኑ ጥያቄዎች እነሆ።

የወባ ትንኝ። «ሸዋ ሮቢት አካባቢ ባለ አንድ ቀበሌ ቤቶች በፀረ ትንኝ መድኃኒት መረጨት ሲጀምሩ አብዛኛው ትንኝ ይሞት ነበር እንበል። ከዓመታት በኋላ ያው መድኃኒት በዚያው መጠን ሲረጭ አብዛኛው ትንኝ አይሞትም። ባዮሎጂስቶች ይህን እንዴት ያብራሩታል?»

ፍልፈል። «ፍልፈል አብዛኛውን ዕድሜዋን ከመሬት በታች ታሳልፋለች። ዓይኗ በጣም ትንሽ ነው። ቅድመ አያቶቿ ትልልቅ ዓይን ነበራቸው እንበል። ለውጡ እንዴት መጣ?»

ሲናር። «አንድ ፀረ አረም መድኃኒት ሲናርን ያጠፋ ነበር እንበል። ገብስ ማሳ ላይ በየዓመቱ ከተረጨ በኋላ ማጥፋት አቃተው። ለምን?» ዕፅዋት ላይ «ፈለገ» እና «ሞከረ» ማለት ስለሚከብድ ተማሪው የሚያመጣው ምክንያት ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ቀይ ቀበሮ። «ጓሳ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ቁጥራቸው ጥቂት ነው። በሽታ ገብቶ፣ ጠንካራና ደካማ ሳይለይ፣ በዕድል ግማሾቹን ቢገድል የቀሩት ዘረመል ላይ ምን ሊሆን ይችላል?» ይሄ ከባድ ነው። ብዙው ተማሪ «ጠንካሮቹ ይተርፋሉ» ይላል፤ ጥያቄው ራሱ እንደዚያ አይደለም እያለው።

ከአራቱ በተጨማሪ አንድ አጭር የማጣሪያ ጥያቄ ጨምሩ። «ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን የተመደበ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ከወር በኋላ አያለከልክም። ይህ ዝግመተ ለውጥ ነው? ለምን?» ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ የወጣ ሰውነት ተስተካከለ እንጂ ለልጆቹ የሚያወርሰው ነገር አልተለወጠም። ነው ብሎ የመለሰ ተማሪ ነጥብ 5 እንዳልገባው አወቃችሁ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ። ክፍል ውስጥ ያስተማራችሁበትን ምሳሌ ፈተና ላይ አታምጡ። ትንኝን አስተምራችሁ ትንኝን ከጠየቃችሁ የምታገኙት የራሳችሁን ሀንድአውት ነው።

### ጥንድ ጥያቄ

አንድ በጣም የሚጠቅም ዘዴ አለ። ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ ይህን አስገቡ፦ «አንድ የመንዝ ገበሬ ለምልክት የበጎቹን ጆሮ ይቀዳል። አባቱም አያቱም እንደዚሁ ያደርጉ ነበር። ጠቦቶች ጆሯቸው ተቀዶ ይወለዳሉ?» ሁሉም ይስቅና «አይወለዱም» ይላል። በግ ያላየ የለማ። መጨረሻው ገጽ ላይ የፍልፈሏን ዓይን አምጡ። ከነዚያው ልጆች ብዙዎቹ «ስላልተጠቀመችበት እየደከመ ሄዶ ለልጆቿ አወረሰች» ይላሉ። ሁለቱን መልስ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በሕይወቱ የሚያውቀውን ነገር ትምህርቱ ውስጥ እንዳልተጠቀመበት ይታያችኋል። በኋላ ክፍል ውስጥ ስትመልሱትም ይሄን ጥንድ ይዛችሁ ግቡ፤ ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ይሠራል።

## ደረጃ 3፦ የምርጫ ጥያቄዎቹን ከተማሪ አፍ ውሰዱ

ክፍት ጥያቄ ማረም ጊዜ ይበላል። ስልሳ ተማሪ ካላችሁ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት የምርጫ ጥያቄ ጨምሩ።

የተሳሳቱ ምርጫዎችን ከጭንቅላታችሁ አታውጡ። ያለፈውን ዓመት የተማሪዎች መልስ ወረቀት አውጡ፣ የተሳሳቱትን ዓረፍተ ነገሮች በራሳቸው አነጋገር ገልብጡ። መምህር የፈጠረው ስህተት ስህተት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ተማሪ የጻፈው ስህተት ግን ሌላውን ተማሪ ልክ መስሎ ይስበዋል።

አንድ ናሙና፦

«ሁለት በጎች አሉ። የመጀመሪያው ግዙፍና ጉልበተኛ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ ስድስት ጠቦት ወለደ፣ ለመውለድ የደረሱት ሁለቱ ናቸው። ሁለተኛው መካከለኛ ነው፣ አምስት ዓመት ኖሮ ሃያ ጠቦት ወለደ፣ ለመውለድ የደረሱት አሥራ አራት ናቸው። በዝግመተ ለውጥ ሚዛን ብቃቱ የላቀው የትኛው ነው?» 

መልሱ ሁለተኛው ነው፤ እዚህ ብቃት ማለት ለመውለድ የሚደርሱ ልጆችን ማትረፍ ነው። የመጀመሪያውን የመረጠ ተማሪ ብቃትን ከጉልበት ጋር አምታቷል።

ከተቻለ እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት እርከን አድርጉት። መጀመሪያ መልሱን ይመርጣል፣ ቀጥሎ «ለምን?» የሚል ሌላ ምርጫ አለ። ነጥብ የሚያገኘው ሁለቱንም ካገኘ ብቻ ነው። አራት ምርጫ ያለው ተራ ጥያቄ በግምት ብቻ 25 በመቶ ይገኝበታል። ሁለት እርከኑ እያንዳንዳቸው አራት ምርጫ ካላቸው ግን በጭፍን ግምት ሁለቱንም ማግኘት ከ16 አንድ ዕድል ነው።

ዝግጁ መለኪያ ፈልጋችሁ ከኢንተርኔት ማውረድም ትችላላችሁ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 20 ጥያቄው የተፈጥሯዊ ምርጫ መለኪያ በሰፊው ይሠራበታል። ነገር ግን ጥያቄዎቹ በጋላፓጎስ ወፎች፣ በቬንዙዌላ ዓሦችና በካናሪ ደሴቶች እንሽላሊቶች ላይ የቆሙ ናቸው። የኛ ተማሪ ከዝግመተ ለውጡ በፊት እንስሳውንና ቦታውን በዓይነ ሕሊናው ለመሳል ይቸገራል፣ እንግሊዝኛውም ይጨመርበታል። ሐሳቡን ውሰዱ፣ ጥያቄውን በራሳችሁ አገር እንስሳ ጻፉ።

## ደረጃ 4፦ አንድ የዝርያ ዛፍ አስገቡ

አንድ ይበቃል። ሦስት ቅርንጫፍ ሳሉ፦ ጭላዳ፣ ቺምፓንዚ፣ ሰው። ቺምፓንዚና ሰው መጀመሪያ ይገናኙ፣ የሁለቱ ግንድ ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ከጭላዳ ጋር ይገናኝ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ።

1. ለጭላዳ ዘመድነቱ የሚቀርበው ሰው ነው ወይስ ቺምፓንዚ?
2. ይህ ዛፍ ሰው ከጭላዳ መጣ ይላል?
3. የሰውንና የቺምፓንዚን ቅርንጫፍ ቦታ ብንቀያይር ትርጉሙ ይለወጣል?

የአንደኛው መልስ «እኩል ናቸው» ነው፤ ሁለቱም ከጭላዳ ጋር የሚገናኙት በአንድ ነጥብ ላይ ነውና። መልኩን የሚያይ ተማሪ «ቺምፓንዚ» ይላል። የሁለተኛው መልስ አይልም ነው። ሦስተኛውም አይለወጥም።

ሰውን ቀኝ ዳር ብቻ አትሳሉ። ሁልጊዜ ዳር ላይ ከሆነ ተማሪው ዛፉን እንደ መሰላል ያነበዋል፤ ጭላዳ ታች፣ ሰው ላይ። ግማሹ ወረቀት ላይ ሰውን መሃል አድርጉ።

## ደረጃ 5፦ ሳትሞክሩ አትስጡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፤ ፈተናውም የሚበላሸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከአምስት እስከ ስምንት ተማሪ ምረጡ፣ ከሚፈተነው ክፍል ያልሆኑ። አንድ በአንድ አስቀምጧቸውና ጥያቄውን ጮክ ብለው እያነበቡ የሚያስቡትን እንዲናገሩ ጠይቁ። እናንተ ዝም በሉ። አታርሙ፣ ራሳችሁንም አትነቅንቁ። የምታዳምጡት ሦስት ነገር ነው።

- ጥያቄውን እናንተ ባሰባችሁት መንገድ ተረድቶታል?
- ልክ የመለሰው በልክ ምክንያት ነው?
- የተሳሳተው ስለማያውቅ ነው ወይስ ቋንቋው ስላደናቀፈው?

ሦስተኛው እኛ ጋ ትልቅ ነገር ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሐሳቡ የሚብላላው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአርጎብኛ ሊሆን ይችላል። ጥያቄውን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አቅርቡ፣ መልሱን በፈለገው ቋንቋ ይጻፍ። በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር የጻፈ ልጅ በራሱ ቋንቋ ግማሽ ገጽ ሲሞላ ታያላችሁ። ያኔ ነው የምታርሙት ነገር የሚኖረው። የማታነቡት ቋንቋ ከመጣ የሚያነብ ባልደረባ አስቀድማችሁ ያዙ።

ከስምንቱ ሦስቱ አንድ ጥያቄ ላይ ከተደናቀፉ ጥያቄውን እንደገና ጻፉ። ማብራሪያ ለመጨመር አትሞክሩ፣ አሳጥሩት።

## ደረጃ 6፦ የፈተናው ዕለት

1. ቀኑን በጥንቃቄ ምረጡ። ከሚድ ሳምንት፣ ከበዓል ዋዜማና አርብ ከቀትር ሽሹ።
2. ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ስጡ።
3. ክፍት ጥያቄዎቹ በፊት፣ ምርጫዎቹ በኋላ ይምጡ። ክፍቱን ወረቀት ሰብስባችሁ ነው ምርጫውን የምታድሉት። ሁለቱን አብራችሁ ከሰጣችሁ ተማሪው ከምርጫዎቹ ቃል እየለቀመ ክፍቱን ይሞላል።
4. ወረቀት ከመታደሉ በፊት ይህን በቃል ንገሩ፦ «ይህ ፈተና የምታምኑትን አይጠይቅም። ባዮሎጂስቶች ነገሩን እንዴት እንደሚያብራሩት የተረዳችሁትን ነው የሚጠይቀው። ስም አትጻፉ። ባዶ ከመተው የመሰላችሁን ጻፉ።»
5. ተማሪ ተነስቶ «መምህር፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ቢል ለሱ ብቻ አታብራሩ። ቃሉ ለሁሉም የሚያስቸግር ከሆነ ሰሌዳ ላይ ለሁሉም ጻፉ፣ በወረቀታችሁም መዝግቡት።

## ደረጃ 7፦ እርማት

ለእያንዳንዱ ክፍት መልስ ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጁ። በአንዱ ዓምድ ልክ የሆኑ ሐሳቦች፦ ልዩነት አስቀድሞ ነበር፣ ልዩነቱ ይወረሳል፣ ያለው ይበልጥ ተርፎ ይበልጥ ወለደ፣ በትውልዶች ውስጥ ድርሻው ጨመረ። በሌላው ዓምድ የተሳሳቱ ሐሳቦች፦ ስለፈለገ መጣ፣ በመልመድ ወይም ባለመጠቀም የመጣው ተወረሰ፣ ሁሉም ግለሰብ አብሮ ተለወጠ። ለእያንዳንዱ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ። የቀበሮው ጥያቄ የራሱ ሰንጠረዥ ይኑረው፤ እዚያ የምትፈልጉት ዕድል የሚለውን ሐሳብ ነው።

ሦስት የመልስ ዓይነት በትንኙ ጥያቄ ላይ እንይ።

ሀ. «ትንኞቹ መድኃኒቱን ደጋግመው ስላገኙት ሰውነታቸው ለመደው። ልጆቻቸውም ጠንካራ ሆነው ተወለዱ።»

ለ. «ትንኝ ሁሉ አንድ አልነበረም። አንዳንዱን መድኃኒቱ ድሮም አይገለውም። ሌላው ሲሞት የቀረው ወለደ፣ ልጆቹም እንደሱ ሆኑ። አሁን የበዙት እነሱ ናቸው።»

ሐ. «ተፈጥሯዊ ምርጫ ስለተካሄደ ነው። ትንኞቹ ከመድኃኒቱ ለመትረፍ ሚውቴሽን አደረጉ፣ ብቃት ያለው ተረፈ።»

ሀ ግልጽ ነው፤ የተሳሳተው ዓምድ ውስጥ ይገባል። ለ አንድም የመማሪያ መጽሐፍ ቃል የለውም፣ አራቱም ሐሳቦች ግን አሉት። ሙሉ ነው። አደጋው ሐ ነው። «ሚውቴሽን»፣ «ብቃት»፣ «ተፈጥሯዊ ምርጫ» ሁሉም አሉ፤ ሚውቴሽኑ ግን የመጣው ትንኞቹ ስለፈለጉት ነው። ስለ መትረፉ አንድ «አለ» ያገኛል፣ «ስለፈለገ መጣ» በሚለው ላይ ደግሞ ሌላ «አለ»። የደከመው አራሚ ሐን ከለ በላይ ያደርገዋል። እባካችሁ ቃል አትቁጠሩ፣ ምክንያቱን ፈልጉ። «ተላመደ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲመጣም ልክ ወይም ስህተት ብላችሁ አትፍረዱ፤ ማን፣ በስንት ትውልድ እንደተላመደ ቀጥሎ የጻፈውን እዩ።

የተሳሳተውን ከልኩ አትቀንሱ። ሁለቱ ውጤቶች ለየብቻ ይቀመጡ። ብዙ ተማሪ ልኩንም ስህተቱንም አብሮ ይይዛል፤ ከቀነሳችሁት ይሄ ተማሪና ምንም ያልጻፈው ተማሪ እኩል ዜሮ ሆነው ያርፋሉ።

የሁለታችሁን ስምምነት መዝኑ። መጀመሪያ 40 መልስ ሳትነጋገሩ ለየብቻ አርሙ። አንዱን ሐሳብ ውሰዱ እንበል፦ ሁለታችሁም «አለ» ያላችሁት 16፣ ሁለታችሁም «የለም» ያላችሁት 18፣ አንደኛው ብቻ «አለ» ያለው 4፣ ሁለተኛው ብቻ 2። የተስማማችሁት 34 ነው፣ 85 በመቶ። በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ የሚችለው ስምምነት እዚህ ላይ 50 በመቶ ነው። የኮኸን ካፓ፣ ማለትም በአጋጣሚ የሚመጣው ተቀንሶ የቀረው የስምምነት መለኪያ፣ (0.85 − 0.50) ÷ (1 − 0.50) = 0.70 ነው። ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ። ከ0.60 በታች ከሆነ አቁሙ። ያልተስማማችሁባቸውን መልሶች አንድ ላይ አንብቡ፣ ደንቡን በጽሑፍ ግልጽ አድርጉ፣ ሌላ 40 እንደገና ሞክሩ።

## ደረጃ 8፦ ጥያቄዎቹን ራሳቸውን ፈትኑ

ምርጫዎቹን ኤክሴል ላይ አስገቡ፤ ልክ 1፣ ስህተት 0።

ክብደት። ስንት በመቶው ልክ መለሰ? ከ30 እስከ 80 በመቶ መሃል ያለ ጥያቄ ብዙ ይነግራችኋል። 95 በመቶ የመለሱት ተማሪን ከተማሪ አይለይም።

የመለየት አቅም። ተማሪዎቹን በጠቅላላ ውጤት ደርድሯቸው፣ ከላይ 27 በመቶ፣ ከታች 27 በመቶ ውሰዱ። ከ60 ተማሪ 16 እና 16 ይሆናል። ከላዮቹ 13፣ ከታቾቹ 5 ልክ ከመለሱ (13 − 5) ÷ 16 = 0.50። ከ0.30 በላይ ጥሩ ነው። ከ0.20 በታች ጥያቄውን መርምሩ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከወረደ ጎበዞቹ እየሳቱት ነው ማለት ነው፤ መጀመሪያ የመልስ ቁልፋችሁን እዩ፣ ብዙ ጊዜ ስህተቱ እዚያ ነው። ከ30 ተማሪ በታች ከሆናችሁ ይሄን ቁጥር ብዙ አትመኑት።

ዕድገት። ኮርሱ ሲጀመር በአማካይ 40 በመቶ፣ ሲያልቅ 55 በመቶ ካመጡ (55 − 40) ÷ (100 − 40) = 0.25። ሊያድጉ ከሚችሉት ሩቡን አደጉ ማለት ነው። ከ0.30 በታች ዝቅተኛ ይባላል። ሁለቱንም ጊዜ የተፈተኑትን ብቻ በኮዳቸው አገናኝታችሁ አስሉ፤ ያቋረጡት ከገቡበት አማካዩ ያታልላል።

## ደረጃ 9፦ እምነትን ለብቻው ጠይቁ፣ ወይም አትጠይቁ

የኛ ተማሪ አብዛኛው ሃይማኖተኛ ቤት ያደገ ነው። ቆሎ ተማሪ ቤት ያለፈ አለ፣ መድረሳ ያለፈ አለ። ዝግመተ ለውጥን በደንብ ተረድቶ የማይቀበል ተማሪ አለ። ተቀብሎ ምንም ያልተረዳም አለ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ከጠየቃችሁ አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል፤ ልጁ «እምነቴን ሊነኩ ነው» ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። «ባዮሎጂስቶች እንዴት ያብራሩታል» ብላችሁ መጠየቃችሁ ለዚህ ነው። ልጁ እምነቱን ሳይሸጥ የሚያውቀውን ሊጽፍ ይገባዋል።

መቀበልን ማወቅ ከፈለጋችሁ ከመረዳቱ ፈተና በኋላ፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ወረቀት፣ በፈቃደኝነት ብቻ ጠይቁ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ባለ 20 ዓረፍተ ነገር፣ ባለ አምስት ደረጃ መጠይቅ በስፋት ይሠራበታል፤ ግን አንዳንዶቹ ዓረፍተ ነገሮች ዕውቀትንና መቀበልን ያደባልቃሉ የሚል ትችት አለበት። እነዚያን አስወግዳችሁ በቀሩት ተጠቀሙ። ውጤቱን ከማንም ማርክ ጋር አታያይዙት፣ ለማንም ስም ጠቅሳችሁ አታሳዩት።

## ነገር ሲበላሽ

ሁሉም አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከጻፉ። ከሀንድአውት በቃል ወጥቷል። ያንን ጥያቄ ጣሉት፣ እንስሳውን ቀይራችሁ ከሳምንት በኋላ በአንድ ጥያቄ ብቻ እንደገና ሞክሩ።

ግማሹ ክፍል ባዶ ከመለሰ። ከጥቂቶቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ በቃል ጠይቋቸው። በቃል ከመለሱ ችግሩ ቋንቋ ወይም ጊዜ ነበር። በቃልም ካልመለሱ ውጤቱ ልክ ነው፣ ተቀበሉት።

ምርጫው ላይ ከፍተኛ፣ ክፍቱ ላይ ዝቅተኛ ከመጣ። ክፍቱን እመኑ። የምርጫዎቹ የተሳሳቱ አማራጮች ደካማ ናቸው፤ ማንም ያልመረጠውን አማራጭ አውጡና ከክፍት መልሶቹ በተወሰደ ስህተት ተኩት።

ከኮርሱ በኋላ ስህተቱ ከጨመረ። ይደርሳል። ክፍል ውስጥ «አካባቢውን ለመቋቋም ሲል ረጅም አንገት አወጣ» እያልን ስናስተምር ተማሪው ቃል በቃል ይወስደዋል። ማስተማሪያ ጽሑፋችሁን አንብቡ፣ «ሲል» እና «እንዲችል» ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ አስምሩባቸውና እንደገና ጻፏቸው።

አንድ ተማሪ ተነስቶ «ይሄ ሃይማኖቴን ይነካል፣ አልፈተንም» ካለ። አትከራከሩት፣ ክፍሉ ፊት አታቁሙት። መውጣት እንደሚችል ንገሩት፣ የተሳትፎ ነጥቡ የሚያገኝበት ሌላ ሥራ ስጡት። በሌላ ቀን ለብቻው አግኝታችሁ የሰማውን ስሙ።

ጥያቄዎቹ ቴሌግራም ላይ ከወጡ። የዚያ ሴሚስተር የመጨረሻ ፈተና ውጤት ከመጀመሪያው ጋር አይነጻጸርም። ለዚህ ሲባል ከመጀመሪያውም ለእያንዳንዱ ሐሳብ ሁለት ሁለት ጥያቄ አዘጋጁ። ወረቀቶቹን ቁጥር ሰጥታችሁ አድሉ፣ ስትሰበስቡ ቆጥሩ፣ አንድ ከጎደለ ተማሪዎቹ ከክፍሉ ከመውጣታቸው በፊት ፈልጉት።